ሦስተኛው ፔዳል

የጣሊያን የስፖርት መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ያሳለፍኩት ዘመን አገሬ ከኖርኩበት ዘመን እየበለጠ ነው። ሎስ አንጀለስ ስገባ በእጄ የነበረው ሙያ አንድ ብቻ ነበር፤ ካምቢዮ። ማውረድ፣ መፍታት፣ የተበላውን ጥርስ መለየት፣ መልሶ መግጠም። ዛሬም የምሠራው እሱኑ ነው፤ አቅጣጫው ግን ያኔ ማንም ያልገመተው ሆነ። ፋብሪካው በኮምፒዩተርና በሀይድሮሊክ ማርሽ እንዲቀይር አድርጎ የሸጠውን ፌራሪ እቀበልና ፓምፑንና ሽቦውን አውጥቼ፣ በምትኩ የፍሪሲዮን ፔዳልና የማርሽ ዘንግ እገጥማለሁ። ላየው ሰው አዲሱን አውጥቼ አሮጌውን የማስገባ ይመስላል። እኔ ግን ከሾፌሩ የተወሰደ ነገር የምመልስ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። የተወሰደው ምን እንደሆነ ለመናገር ከአሰብ መንገድ መጀመር አለብኝ።

አባቴ ኤንትሬ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የልጅነቴ ካርታ የእሱ መስመር ነው፦ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ይዞኝ ይወጣ ነበር። በእሱና በረዳቱ መሃል እቀመጣለሁ፤ ሞተሩ ከአጠገባችን ይግላል፤ የናፍጣው ሽታ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ እናቴ ስታጥበው እንኳ አይለቅም ነበር።

የዚያ ፊያት ካምቢዮ ዛሬ መኪና የሚነዳ ሰው የማያውቀው ዓይነት ነው። ማርሾቹን እኩል አዙሮ የሚያስማማ ቀለበት የለውም። ማርሽ ለመቀነስ ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ይረግጥና ዘንጉን ወደ ነጻው ቦታ ያወጣዋል፤ ፍሪሲዮኑን ለቆ ነዳጅ ይሰጣል፤ ሞተሩ ሲነሳ እንደገና ይረግጥና ያኔ ብቻ ያስገባዋል። የሰጠው ነዳጅ ካነሰ ወይም ከበዛ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል፤ ዘንጉም እጅን ገፍቶ ይመልሳል። አባቴ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዓይኑ ከመንገዱ ላይ አይነሳም። የሞተሩን ዙር የሚለካው በጆሮው ነው። ከአሰብ ጭኖ ሲመለስ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣው ዳገት ላይ፣ ጉም አስፋልቱን ሸፍኖት ሳለ አንድ ማርሽ ቢያመልጠው ተሳቢው ወደ ኋላ ይጎትተን እንደነበር እኔም አውቅ ነበር፤ ረዳቱ ታኮውን በእጁ ይዞ በር ላይ ይዘጋጃል። አናቱ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ጣሊያኖች የቀደዱት ዋሻ አለ። እዚያ ስንገባ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ሁለት ሞተር ያለን ይመስለኝ ነበር።

«ሳይለምንህ ስጠው» ይለኛል። ማርሹን ማለቱ ነው። ሞተሩ እስኪያቃስት የሚጠብቅ ሾፌር እሱ ዘንድ ሾፌር አይባልም። ቁልቁለትም ላይ እንዲሁ፤ የምትወርድበትን ማርሽ ከላይ ሳለህ መርጠህ ትገባለህ እንጂ ከጀመርክ በኋላ ፍለጋ የለም። በፍሬን ብቻ ሊወርዱ የሞከሩ መኪናዎችን ገደል ሥር እያሳየኝ ነበር የሚያስተምረኝ።

ሙያውን የተማርኩት ግን አዲስ አበባ፣ ላዳና ፊያት 124 በሚሠራ ጋራዥ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሶቪየቶች የላዳን ፋብሪካ ሲያቆሙ ከጣሊያን የወሰዱት 124ን ነበር። መለዋወጫ ከሶማሌ ተራ እየለቀምን፣ ያልተገኘውን እያስቀጠቀጥን እንገጥም ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የምለው የለኝም፤ እጄ ግን እዚያ ነው የተፈታው።

ሎስ አንጀለስ የተቀበለኝ ቤይሩት ተወልዶ ግሌንዴል የሚኖር አርመናዊ ባለ ጋራዥ ነው። ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ውስጥ፣ ከውጭ ሲታይ መጋዘን በሚመስል ቤት፣ የጣሊያን መኪና ብቻ ይሠራ ነበር። በእንግሊዝኛዬ ሳይሆን በእጄ ፈተነኝ። የተፈታ ካምቢዮ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ወጣ፤ ሲመለስ ተገጥሞ አገኘው። ከዚያ በኋላ ቋንቋ ችግር አልሆነብንም።

እዚያ ነበር መጀመሪያ ኤፍ 355 ኤፍ 1 የሚባለውን ፌራሪ ያየሁት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሲሆን ለመንገድ ከተሠሩት ፌራሪዎች ፍሪሲዮን ፔዳል ሳይኖረው ከመሪው ጀርባ በጣት በሚሳቡ ሁለት መቀየሪያዎች ማርሽ የሚለውጥ የመጀመሪያው ነው። ባለቤቶቹ ተራ ገብተው ነበር የሚገዙት። ስሙ ራሱ ከውድድር ሜዳ የመጣ ስለሆነ ሰዉ የሾፌሮቹን ክብር አብሮ የገዛ ይመስለው ነበር።

የውድድሩን ታሪክ አለቃዬ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደጋግሞ ይተርክልኝ ነበር። ፌራሪ 640 የተባለውን የፎርሙላ 1 መኪና የነደፈው እንግሊዛዊው ጆን ባርናርድ ነው። የማርሽ ዘንጉና ዘንጉን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ብረት ከሾፌሩ ጎን ቦታ ይወስዱበት ነበር፤ እነሱን ካስወገደ የመኪናውን ወገብ ማጥበብ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ለኤሌክትሪክና ለዘይት ግፊት ሰጠው። በልምምድ ወቅት መኪናው እየቆመ አስቸግሮ ነበርና እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 1989 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ውድድሩን ይጨርሳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ናይጀል ማንሰል ግን ለፌራሪ በሮጠበት በመጀመሪያው ውድድር አሸነፈበት። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፎርሙላ 1 የማርሽ ዘንግ የያዘ መኪና ጠፋ። እዚያ መጥፋቱ ተገቢ ነው። አንድ እጅ ከመሪው ሳይነሳ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው የሚያገኘውን ጥቅም ማንም አይክድም። እኔ የምጠይቀው ቅዳሜ ጠዋት ለደስታው ወደ ተራራ የሚወጣው ሰው ከዚህ ምን አገኘ ብዬ ነው።

ፌራሪ «ኤፍ 1» ብሎ ለመንገድ መኪናው የሰጠው ያ ሥርዓት ውስጡ ሲታይ የሚያስገርም ነው። ካምቢዮው ያው ነው፤ ጥርሶቹ፣ ዘንጎቹ፣ የሚያስማሙት ቀለበቶች ፔዳል ካለው መኪና የተለዩ አይደሉም። የተለየው የሚገፋቸው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ በግፊት ይጠራቀማል፤ ኮምፒዩተር ቫልቮቹን እየከፈተ እየዘጋ አንዴ ፍሪሲዮኑን፣ አንዴ ማርሹን ይገፋል። ስለዚህ በትክክል አውቶማቲክ አይደለም፤ እግርና እጅ የተተካበት ማኑዋል ነው። ኤፍ 430 ላይ አንዱ ቅያሪ የሚፈጀው 150 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስኩዴሪያ በተባለው ልዩ ዓይነት ላይ ደግሞ ወደ 60 ወረደ። ከአባቴ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያየሁት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያን ያህል ሊፈጥን አይችልም።

ግን ኮምፒዩተሩ መንገዱን አያይም። 405 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ከሰዓት በኋላ መኪና እግር ለእግር ሲሄድ፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ እየያዘ እየለቀቀ ይፈጀዋል። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ማቆም ደግሞ ይብስበታል፤ ሽታው ባለቤቶቹን ጋራዥ ድረስ ይከተላቸዋል። ዲስኩን ከቀየርን በኋላ ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርበትን ነጥብ በኮምፒዩተር ፈልገን መንገር አለብን፤ ነጥቡ በጥቂቱ ከተሳሳተ መኪናው ይንዘፈዘፋል ወይም ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ይህን ነጥብ እግር ያለው ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱ ያገኘዋል። ፓምፑ ሲደክም፣ ግፊት የሚጠራቀምበት ዕቃ ሲፈስ፣ መኪናው በተጎታች ይመጣል። የብዙ ዓመት እንጀራዬ ከዚያ ብልሽት የተጋገረ ስለሆነ አላማርርም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ፌራሪ 458ን ሲያወጣ የማርሽ ዘንግ ያለው ዓይነት ጭራሽ አልሠራለትም። ሁለት ፍሪሲዮን ያለው አዲሱ ካምቢዮ የበፊቱን ጉድለት ሁሉ አስወገደ፤ በእውነት ጥሩ ካምቢዮ ነው። በሩ የተዘጋው ያኔ ነው። በዚያው ጊዜ ጋራዣችን የሚመጡ ሰብሳቢዎች ጥያቄያቸው ተለወጠ። ስለ ቀለም ወይም ስለ ተሄደ ኪሎ ሜትር ከመጠየቃቸው በፊት አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው ወለሉን ያያሉ፤ ሁለት ፔዳል ነው ሦስት?

ያኔ ነው የምርት መዝገቦች የሰብሳቢዎች የዘወትር ወሬ የሆኑት። ከ575 ኤም ማራኔሎ 2,056 ያህል ተሠርቶ ማኑዋሉ 246 ብቻ ነበር። ከ612 ስካሊየቲ ማኑዋሉ 199 ነው። 599 ሲመጣ ማኑዋል ያዘዙት 30 ያህል ሰዎች ብቻ ሆኑ። አዲስ ሲሸጡ ማንም ያልፈለጋቸው መኪናዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመንትያቸውን ዋጋ እጥፍና ከዚያ በላይ ማውጣት ጀመሩ። በሞተር፣ በሻንሲ፣ በቀለም አንድ ሆነው በአንድ ፔዳል ብቻ ይለያያሉ።

አንዳንዶቹ ሰብሳቢዎች ወዳጆቼ ሆነዋል፤ የሚያሳዝነኝ ነገርም ከእነሱ ጋር ነው የመጣው። ማኑዋሉ ውድ በሆነ ቁጥር ከመንገድ ይርቃል። ሙቀቱ በተመጠነ መጋዘን፣ ባትሪው ከቻርጀር ጋር ታስሮ፣ ጎማው በቆመበት እየተጣመመ የኖረ መኪና ተጭኖ ሲመጣልን የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከቮላኖው ጋር ዝጎ ተጣብቆ አገኛለሁ። ሰው በእጁና በእግሩ እንዲነዳው ብሎ የፈለገውን መኪና፣ እጅና እግር እንዳይነካው አድርጎ ያስቀምጠዋል። ቅየራውን መውደድ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ከ30ዎቹ አንዱን መግዛት የማይችል፣ ቢገዛም ለመንዳት የሚፈራ ሰው፣ ተራውን ኤፍ 1 ገዝቶ ሦስተኛ ፔዳል አስገጥሞ ዝናብ ሲዘንብም ይነዳዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቅየራዎቻችን በፌራሪ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 የተመረተው ቢ ኤም ደብሊው ኤም 3፣ ኤስ ኤም ጂ የሚባል ተመሳሳይ የሀይድሮሊክ መቀየሪያ ነበረው፤ ካምቢዮው ግን በማኑዋሉ ላይ ያለው ባለ ስድስት ማርሽ ጌትራግ ነው። መኪናው ብዙ ስለተመረተ የፔዳልና የዘንግ ዕቃው ከተገጩ መኪናዎች ይገኛል። እዚያ ነው እጃችን የለመደው።

ፌራሪው ላይ ሥራው ይከብዳል። መኪናው ይነሳል፤ ካምቢዮው ይወርዳል፤ ፓምፑ፣ የግፊቱ ዕቃ፣ የዘይት ጋኑ፣ ቫልቮቹና ኮምፒዩተሩ በየተራ ይወጣሉ። ማርሽ ይገፋ የነበረው መሣሪያ ተነስቶ በእጅ ዘንግ የሚታዘዘው ይገባል። ከፊት ሦስት ፔዳል የያዘው ክፈፍ፣ የፍሪሲዮን ዘይት የሚገፋው ሲሊንደርና ቧንቧው ይገጠማሉ፤ ከሾፌሩ ቀኝ እስከ ኋላው ካምቢዮ የሚደርሱ ሁለት የብረት ገመዶች ይዘረጋሉ። አንዱ ገመድ መስመሩን ይመርጣል፣ ሌላው ያስገባል። የሞተሩ ኮምፒዩተርም የማኑዋል መኪና እንደሆነ ተነግሮት ካልተጻፈ በቀር የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ይበራል።

ከዚያ ጌቱ ይቀመጣል። ጌት የምንለው የማርሽ ዘንጉ የሚንቀሳቀስባቸው መስመሮች የተቀደዱበት የብረት ሰሌዳ ነው። ከሥራው ሁሉ ትልቁን ትዕግሥት የሚጠይቀው እሱ ነው። ገመዶቹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛቡ ዘንጉ የሰሌዳውን ጠርዝ ይመታል፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትሄድ መሃል ላይ ትሰናከላለህ። እኔ ሰውዬው መኪናውን ከመውሰዱ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ደጋግሜ አመላልሰዋለሁ፤ ቀጥሎ በቀዝቃዛ ዘይት፣ ቀጥሎ በሞቀ ዘይት። ጥሩ ሲገጠም ብረት ብረትን ሲነካ አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ያን ድምፅ ሰምቶ ፊቱ የማይበራ ባለ መኪና እስካሁን አልገጠመኝም።

አባቴ ሊጠይቀኝ አሜሪካ የመጣው እንዲህ ያለ ኤፍ 430 በጨረስንበት ሰሞን ነው። ባለ መኪናው ጡረታ የወጣ ሐኪም ነበር። አባቴ የአሰብ ሾፌር እንደነበር ስነግረው፣ የሙከራ ጉዞውን እሱን ይዤ እንድሄድ ቁልፉን በእጄ አስቀመጠልኝ። ላ ካኛዳ ላይ ጀምሮ የሳን ገብርኤልን ተራሮች የሚወጣው የአንጀለስ ክሬስት መንገድ አናቱ 2,400 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አባቴ ሲቀመጥ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። መኪናውን አላደነቀም፤ ስለ ዋጋውም አልጠየቀም። አንድ ሁለት ኩርባ ካለፍን በኋላ ዓይኑን ጨፈነ። ታመመ ብዬ ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ አመመህ እንዴ?»

«ዝም በል፣ ልስማው።»

ከዚያ ጀምሮ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ወደ ኩርባው ስንቀርብ ግራ እግሩ ወለሉን ሲጫን አየሁት፤ እኔ ፍሪሲዮን ከመርገጤ በፊት ረግጦ ጨርሷል። ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ ስሰጥ፣ ዙሩ ልክ ሲሆን አገጩን ወደ ታች ይነቀንቃል። አንድ ዳገት ላይ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ለመመለስ ዘገየሁና ሞተሩ ድምፁ ወፈረ። «ሳይለምንህ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ ከ8,000 ዙር በላይ የሚዞር ሞተር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀስ ብሎ የሚያጓራ ናፍጣ ነው። ሆኖም የሚጠብቀው ነገር አንድ ነበር፤ ሾፌሩ ከሞተሩ እኩል መድረስ አለመድረሱን። ኤፍ 1 ሆኖ ቢሆን ኖሮ አባቴ መንገደኛ ነበር። ያን ዕለት ግን ሁለታችን ነበርን የነዳነው።

አናቱ ላይ ቆመን ሲወርድ፣ አማርኛ ለማይሰማው መኪና «ይበል» ብሎ ኮፈኑን መታ መታ አደረገው። ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ፍሬን ብዙ ሳልነካ አወረድኩት። እሱ ሳይናገረኝ የወረድኩት የመጀመሪያው ቁልቁለት ያ ነው።

በሰብሳቢዎች ዘንድ ቅየራን የሚጠሉ አሉ፤ ክርክራቸውን አከብራለሁ። ፋብሪካው የሠራው ታሪክ ነው፣ ታሪክ አይነካም ይላሉ። ለተቀየረ መኪና «ከፋብሪካ የወጣ ማኑዋል ነው» ብሎ ዋጋ መጠየቅ ውሸት ነው፤ በዚህ ምንም ልዩነት የለንም። ስለዚህ የምናወጣውን ዕቃ ሁሉ፣ ፓምፑን፣ ቫልቮቹን፣ ሽቦውን፣ ከመሪው ጀርባ የነበሩትን መቀየሪያዎች ሳይቀር፣ ስም ጽፈንበት በሣጥን ለባለቤቱ እንሰጣለን፤ ምን እንደተሠራም በወረቀት እንጽፋለን። ነገ ሌላ ሰው ልመልሰው ቢል ይመለሳል። አስቶን ማርቲንም ቢሆን ኒውፖርት ፓግነል ባለው የራሱ ጋራዥ፣ ማኑዋል ሆኖ ያልተሸጠውን የመጀመሪያውን ቪ 12 ቫንኩዊሽ ወደ ማኑዋል ይቀይራል። ሠሪው ራሱ ከመለሰው እኔ የማፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ፖርሼም ቢሆን ሰው ምን እንደሚፈልግ ዘግይቶ ሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጂቲ 3ን ያለ ማርሽ ዘንግ ብቻ አወጣው። በ2016 ማኑዋል ካምቢዮ ያለው 911 አር በ991 መኪናዎች ብቻ ተወስኖ ሲመጣ፣ ገና ከመረከቡ በዋጋው እጥፍ የሚሸጠው በዛ። በ2017 ማኑዋሉን ለጂቲ 3 መለሱለት። ይህን ዜና ስሰማ ጋራዡ ውስጥ ለሁሉም ቡና ያፈላሁት እኔ ነኝ።

አሁን ማንሻው ላይ የቆመው 612 ስካሊየቲ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ አራት ሰው የሚይዝ፣ ቪ 12። ሞተሩ ከፊት፣ ካምቢዮው ከኋላ ስለሆነ ገመዶቹ የሚያልፉበት መንገድ ከ430 ይለያል፤ የፋብሪካው የፔዳል ክፈፍ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው። ጌቱን በኮምፒዩተር በሚታዘዝ የብረት መቅረጫ ማሽን የሚሠራ አንድ ወጣት ቀርጾልኛል፤ ጠርዙን በእጄ ሞርጄዋለሁ። የመኪናው ባለቤት በሕይወቷ ማኑዋል ነድታ አታውቅም። ይህን መኪና የምትፈልገው ግን በዚያው ምክንያት እንደሆነ ነግራኛለች። ፔዳሉ በቁመቷ ልክ ከተስተካከለ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ከእኔ ጋር ትጀምራለች። ነዳጅ ሳትነካ በፍሪሲዮን ብቻ ማስነሳት ነው መጀመሪያ የማስተምራት።